የጋራቸው ያለው ልዩነታቸው ውስጥ ነው

(ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ ብዙም በማትርቅ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ የተናገርኩት ነው። ከድምፅ ቅጂው ስገለብጠው መደጋገሜን ቀነስኩ። የታዳሚውን ጥያቄ ግን አልነካሁም።)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ግድግዳው ሥር ቦታ አለ። ማኪያቶ ይዛችሁ የገባችሁም ችግር የለም፤ ሲባጎዬ ላይ ብቻ እንዳታፈሱብኝ። ሲባጎው ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

በኑዛዜ ልጀምር። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ፈተና ላይ 91/119 የሚል ክፍልፋይ መጣ። ወደ ዝቅተኛ ቃል ለውጥ ይላል። 91ን አየሁት። ጎዶሎ ነው፤ በ2 አይካፈልም። 9 እና 1 ሲደመሩ 10 ነው፤ ስለዚህ በ3 አይካፈልም። መጨረሻው 0 ወይም 5 አይደለም። በቃ ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም ብዬ ደመደምኩ። «አይቃለልም» ብዬ ጻፍኩና ኩራት ኩራት እያለኝ ወጣሁ።

ኤክስ ሆኖ ተመለሰ። 91 ማለት 7 ሲባዛ በ13 ነው። 119 ደግሞ 7 ሲባዛ በ17። መልሱ 13/17 ነበር። መምህሬ «የሰባትን ብዜት በደንብ አጥና» አሉኝ። አጠናሁ። በሕልሜ ሁሉ ሰባት ሰባት እያልኩ ነበር።

ችግሬ ግን የብዜት አልነበረም። ይሄ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ አድርጌ ቢሆን ይበቃኝ ነበር፦ ከ119 ላይ 91ን መቀነስ። 28 ይመጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ያለ ቀሪ የሚያካፍል ነገር ካለ ልዩነታቸውንም ማካፈል አለበት። 28 ውስጥ ያሉት ደግሞ ሁለት 2 እና አንድ 7 ናቸው። 2 አይሆንም፤ ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው። የቀረው 7 ብቻ ነው። ሞከርኩት፣ ሠራ፣ አለቀ።

ዛሬ የማወራው ስለዚህች አንዲት ነገር ነው። ሁለት ቁጥሮች የሚጋሩትን ለማወቅ፣ ውስጣቸውን ሳይሆን ልዩነታቸውን እዩ።

ትምህርት ቤት የተማርነውን ቶሎ ልለፈው። አንደኛው መንገድ መዘርዘር ነው። የ36 አካፋዮች 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 9፣ 12፣ 18፣ 36 ናቸው። የ48 ደግሞ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12፣ 16፣ 24፣ 48። የጋራዎቹን ስትለቅሙ ትልቁ 12 ነው። ሁለተኛው በብቸኛ ቁጥሮች መተንተን ነው። 36 ሁለት 2 እና ሁለት 3 አለው። 48 አራት 2 እና አንድ 3። የሚጋሩት ሁለት 2 እና አንድ 3 ነው፤ አሁንም 12። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ለትንሽ ቁጥር ምንም አይወጣላቸውም።

ግን አስተውሉ። ሁለቱም መንገዶች አስቀድማችሁ የእያንዳንዱን ቁጥር ጓዳ እንድትፈትሹ ያስገድዷችኋል። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደመቁጠር ነው። የሙሽራውንም የሙሽራይቱንም ቅድመ አያት ቆጥሮ ሲያበቃ ነው ዘመድ መሆን አለመሆናቸው የሚታወቀው። ቁጥሩ ሲተልቅ ቆጠራው ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

አሁን ሁለት ሰው ይምጣልኝ። ጎበዝ። አንቺ ረጅሙን ሲባጎ ያዢ፤ አንተ አጭሩን። ርዝመታቸውን አልነግራችሁም፤ ሜትርም የለንም። የምፈልገው ሁለቱንም ሳያተርፍ የሚለካ ትልቁን ቁራጭ ነው። አጭሩን ረጅሙ ላይ አጋድሙት። የተረፈውን ቁረጪው። አጭሩና ቁራጩ ቀሩን፤ የመጣንበት ረጅሙ ሥራው አልቋል። አሁን ቁራጩን አጭሩ ላይ አጋድሙ። አንዴ ገባ፤ ሁለቴም ገባ፤ ትንሽ ተረፈ። የተረፈውን ያዙ። እሱን ደግሞ በቁራጩ ላይ ለኩት። አንድ... ሁለት... ልክ ገባ! ምንም አልተረፈም። አቁሙ።

እጃችሁ ላይ ያለችው ትንሿ ቁራጭ መልሱ ናት። አሁን ምስጢሩን ልንገራችሁ። ረጅሙ 105 ሳንቲሜትር ነበር፣ አጭሩ 75። የመጀመሪያው ትርፍ 30 ነው። 75 ውስጥ 30 ሁለቴ ገብቶ 15 ተረፈ። 30 ውስጥ 15 ልክ ሁለቴ ገባ። ትልቁ የጋራ አካፋይ 15 ነው። የማንንም አካፋይ አልዘረዘርንም። እንዲያውም ቁጥሮቹን አናውቃቸውም ነበር።

ለምን ሠራ? አንድ መለኪያ ረጅሙንም አጭሩንም ሳያተርፍ ከለካ፣ ትርፉንም ሳያተርፍ ይለካል። ሌላ ምርጫ የለውም። በተቃራኒውም ትርፉንና አጭሩን የሚለካ፣ ሁለቱ ተቀጥለው የሚሠሩትን ረጅሙንም ይለካል። ስለዚህ ረጅሙን ጥለን ትርፉን ስንይዝ ቁጥሮቹ አነሱ እንጂ የሚጋሩት ነገር ንክች አላለም። እያነሱ ሲሄዱ አንድ ቦታ ይቆማሉ፤ ሲቆሙ መልሱ ራቁቱን ይቀራል።

ቤቴን ሳሳድስ ሴራሚክ ሊያነጥፍልኝ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ክፍሉ 4 ሜትር ከ20 በ3 ሜትር ከ60 ነው። ሳይቆረጥ የሚገባ ትልቁን ካሬ ሴራሚክ ፈልጌ እኔ ወረቀት ላይ የ420ን አካፋዮች መዘርዘር ጀመርኩ። እሱ ሜትሩን እየጠቀለለ «ቲቸር፣ ስልሳ በስልሳ ነው» አለኝ። እንዴት አወቅህ ስለው፣ «ትርፉን ነዋ የማየው» አለ። 420 ሲቀነስ 360 ያው 60 ነው። 60 ደግሞ 360ን ልክ ስድስት ጊዜ ይገባዋል። ሰባት በስድስት፣ 42 ሴራሚክ፣ በመሀል የሚተወው ክፍተት ሳይቆጠር። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ልዩነቱ ራሱ ሁልጊዜ መልስ አይደለም። ሌላው ክፍል 4.20 በ3.30 ነበር። ልዩነቱ 90 ነው። 90 ግን 330ን አያካፍልም። 330 ውስጥ 90 ሦስቴ ገብቶ 60 ይተርፋል። 90 ውስጥ 60 አንዴ ገብቶ 30 ይተርፋል። 60 ውስጥ 30 ልክ ሁለቴ። ስለዚህ 30 በ30 ነው የሚሄደው፤ አሥራ አራት በአሥራ አንድ፣ 154 ፍሬ። የመጀመሪያው ልዩነት የሚነግራችሁ መልሱ እሱን የሚያካፍል መሆኑን ብቻ ነው። ተማሪዎቼ ሁሌ እዚህ ጋ ይሳሳታሉ፤ አንዴ ቀንሰው እስክሪብቶ ያስቀምጣሉ።

ይሄን ዘዴ የጻፈልን ግሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ፣ እስክንድርያ። የሱ ታላቅ መጽሐፍ 13 ክፍሎች አሉት፤ ዘዴው ሰባተኛው ላይ ይገኛል። ደስ የሚለኝ ነገር ዩክሊድ ቁጥርን እንደ መስመር ርዝመት ነው የሚያየው። «አንዱ ሌላውን ይለካል» ነው አነጋገሩ። ከሲባጎአችን አልራቀም።

እየቀነሱ መሄድ ግን አንዳንዴ ያሰለቻል። የ1000 እና የ3ን ፈልግ ብትባሉ 333 ጊዜ ልትቀንሱ ነው? አካፍሉና ቀሪውን ያዙ፤ ማካፈል የተፋጠነ መቀነስ ነው። እስቲ ትንሽ ከበድ ያለ እንሞክር። ዘንድሮ 2018 ነው አይደል? ከሦስት ዓመት በኋላ 2021 ይመጣል። የ2021 እና የ1763 ትልቁ የጋራ አካፋይ ስንት ነው?

(አንድ ወጣት ስልኩን አወጣ። «ስልኩን አስቀምጥ» አልኩት፤ ሳቅ ሆነ።)

በመተንተን መንገድ ብትሄዱ 2021ን በ2 ትሞክራላችሁ፣ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ11... አሥራ ሦስት ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ እንቢ ይሏችኋል። አሥራ አራተኛው ነው የሚከፍተው። አሁን የእኛን እዩ። 2021 ሲቀነስ 1763፣ 258። 1763 ለ258 ሲካፈል ስድስት ጊዜ፣ ቀሪ 215። 258 ለ215፣ ቀሪ 43። 215 ለ43 አምስት ጊዜ፣ ቀሪ የለም። መልሱ 43። አራት እርምጃ ብቻ። እግረ መንገዳችንን የ2021 ጓዳ ተከፈተ፤ 43 ሲባዛ በ47 ነው። 1763 ደግሞ 41 ሲባዛ በ43። ይህን 43 አትርሱት፤ ወደ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ቁጥሩ ሲያድግ እርምጃው ምን ያህል ይበዛል? በአውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ገብርኤል ላሜ የሚባል ፈረንሳዊ መለሰው። (ስሙ ከላም ጋር አይገናኝም።) የእርምጃው ብዛት ከትንሹ ቁጥር አሃዞች ብዛት አምስት እጥፍ አይበልጥም አለ። 1763 አራት አሃዝ አለው፤ ቢበዛ 20 እርምጃ ማለት ነው። ባለ መቶ አሃዝ ቁጥር ቢሰጣችሁ ቢበዛ 500። አንድ ትጉህ ሰው ከወረቀትና ከቡና ጋር ይጨርሰዋል። የዚያን ባለ መቶ አሃዝ ቁጥር አካፋዮች ልዘርዝር ካለ ግን ዕድሜው አይበቃውም።

በመስኮት የምታዩት ሐውልት ሚያዝያ 27፣ 1933ን የሚያስታውስ ነው። እስቲ 27 እና 1933ን ሞክሩ። 1933 ለ27፣ ቀሪ 16። 27 ለ16፣ ቀሪ 11። 16 ለ11፣ ቀሪ 5። 11 ለ5፣ ቀሪ 1። አለቀ፤ ከ1 በቀር ምንም አይጋሩም። (ከፊት ረድፍ አንዲት ልጅ፦ «ቲቸር፣ 27 እኮ 3 ብቻ ነው ያለው። የ1933 አሃዞች ድምር 16 ነው፤ በ3 አይካፈልም። ዝም ብለህ ነው የለፋኸው!» ጭብጨባ። ልክ ናት። ጓዳው የሚታይ ቁጥር ሲሆን ጓዳውን ማየት ነው።)

ብዙ ሰው መልሱ 1 ሲሆን የለፋው ለምንም ይመስለዋል። ይህን እያልኩ ሳለ ነጠላ ያጣፉ አንድ አዛውንት ከኋላ ተነሡ። «ይቅርታ ልጄ፤ ማካፈል፣ የተረፈውን መያዝ ያልከው እኛ ዘንድ ባሕረ ሐሳብ ነው» አሉ። ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን የምታወጣበትን የዘመን ሒሳብ ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አዳራሽ ውስጥ ካለ እኔ ምን እቆማለሁ? «አባባ፣ ይምጡና ሰሌዳው ላይ ይሥሩልን» አልኳቸው። መጡ።

ዘንድሮን ሠሩ። ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረው 5500 እና 2018 ሲደመር 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱን ይጥሉታል፤ 12 ወንበር ይሆናል፤ ዓመቱ በ19 ዓመቱ ዙር ውስጥ ያለበት ቦታ ማለት ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 በ30 ሲወጣ 12 ይተርፋል። አበቅቴ 12፤ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት እየበለጠ ያጠራቀመው ትርፍ ቀን ነው። በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት መጥቅዕ ደግሞ 12 በ19 ሲባዛ 228፤ ከ30ዎቹ የሚተርፈው 18። «አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው» አሉና ጠመኔውን መለሱልኝ። አዎ፣ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ናቸውና።

እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ነው። 11 የመጣው ከልዩነት ነው፤ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ 354። 11 እና 30 ከ1 በቀር የሚጋሩት የለም። በዚህ የተነሣ ወንበሩ ከ0 እስከ 18 ሲዞር፣ በ19ኙ ዓመት ውስጥ አንድም አበቅቴ አይደገምም። ልዩነቱ 12 ቢሆን ኖሮስ? 12 እና 30 6ን ይጋራሉ። በ12 እያባዛችሁ ከ30 የሚተርፈውን ብትይዙ 0፣ 6፣ 12፣ 18፣ 24 ብቻ ናቸው የሚመጡት፤ አምስት ቁጥር። አምስት ዓመት ሄዶ እንደገና ከመጀመሪያው። በ10 ብታባዙ ደግሞ ሦስት ብቻ።

የባሕረ ሐሳብ ትልቁ ዙር፣ 532 ዓመቱም እንዲሁ ነው። ወንጌላውያኑ በ4 ዓመት ይዞራሉ፣ ዕለታቱ በ7፣ አበቅቴው በ19። ሦስቱ ቁጥሮች ምንም ስለማይጋሩ የሚገናኙት ተባዝተው ነው። 4 በ7፣ 28፤ ዐውደ ፀሐይ። 4 በ19፣ 76፤ ዐውደ ማኅተም። ሦስቱም፣ 532፤ ዐውደ ቀመር። የሚጋሩት ቢኖር ኖሮ ቀድመው ይገናኙ ነበር። 4 እና 6ን እዩ፤ 24ን አይጠብቁም፣ 12 ላይ ይገናኛሉ። ምክንያቱም 2ን ይጋራሉ። ትንሹን የጋራ ብዜት የሚፈልግ ሰው ሁለቱን አባዝቶ በትልቁ የጋራ አካፋይ ያካፍል። ሌላ ዘዴ መሸምደድ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ 43። ኢንተርኔት ላይ ምስጢር ከሚቆለፍባቸው መንገዶች አንዱ አርኤስኤ ይባላል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1977 ጀምሮ ያለ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ይመረጡና ይባዛሉ። ብዜቱ ለሁሉም ይታያል፤ ብቸኛዎቹ ይደበቃሉ። ዛሬ በተለመደው መጠን ብዜቱ 617 አሃዝ አለው። ከብዜቱ ተነሥቶ ሁለቱን ብቸኛዎች የሚያወጣበት ተግባራዊ መንገድ እስካሁን ማንም በአደባባይ አላሳየም። ጓዳው ተዘግቷል።

በ2012፣ አሁንም በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች እነዚህን የአደባባይ ቁጥሮች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰበሰቡ። ለመተንተን አልሞከሩም፤ አይሆንማ። ቁጥሮቹን እርስ በርስ እያጋጠሙ ትልቁን የጋራ አካፋይ ፈለጉ። 2021ን ከ1763 ጋር እንዳደረግነው። ከ1 የሚበልጥ መልስ የመጣበት ጥንድ ሁሉ ተከፈተ። በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ መሣሪያዎች ላይ የነበረ ቁልፍ እንዲህ ወጣ።

ለምን ተጋሩ? ብዙዎቹ እንደ ራውተር ያሉ መሣሪያዎች ነበሩ። ገና ሲበሩ ቁልፋቸውን ይሠራሉ። በዚያች ቅጽበት ግን ዕጣ የሚያወጡበት በቂ የዘፈቀደ ነገር አልነበራቸውም። ስለዚህ ሁለት የማይተዋወቁ መሣሪያዎች ያንኑ ብቸኛ ቁጥር መረጡ። እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው ሲታይ ጠንካራ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ግን በላሜ ሒሳብ ቢበዛ 3085 እርምጃ፤ ለኮምፒውተር ዓይን እስኪጨፈን አይፈጅም። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው የመስመር መለኪያ ነው የከፈታቸው።

ጥያቄ ካለ። አንድ ሰው ስለ ሦስት ቁጥሮች ጠየቀኝ። መጀመሪያ የሁለቱን ፈልጉ፣ ያገኛችሁትን ከሦስተኛው ጋር አጋጥሙ። ቅደም ተከተሉ ለውጥ የለውም።

ያቺ የፊት ረድፍ ልጅ እንደገና እጇን አወጣች። «የ0 እና የ12ስ?»

12 ነው። 0ን ሁሉም ቁጥር ያለ ቀሪ ያካፍለዋል፤ ስለዚህ 12ን የሚገድበው የለም። ሲባጎው ላይ መጨረሻ የደረስንበትም ይኸው ነው፤ 15 እና የተረፈ ምንም። አባባ ከኋላ «አልቦ» አሉ።

«የ0 እና የ0ስ?»

እዚህ ላይ ሳቅ ሆነ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሒሳብ ሊቃውንት 0 ይሉታል አልኳት። «ሁሉም ቁጥር የሚያካፍላቸው ከሆነ 0 እንዴት ትልቁ ይሆናል? ይሄማ ማጭበርበር ነው» አለች።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ወደ 36 እና 48 መለስኳት። የሚጋሯቸው 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 12 ነበሩ። ሁሉም 12ን እንደሚያካፍሉት አሳየኋት። ሊቃውንቱ «ትልቁ» ሲሉ ይህን ነው የሚይዙት፤ የቀሩት የጋራ አካፋዮች ሁሉ የሚያካፍሉትን። በዚህ ትርጉም ከሄድን ሁሉም ቁጥር የሚያካፍለው 0 ነው፤ ስለዚህ ቦታው የእሱ ነው።

ትንሽ አሰበችና «እሺ» አለች። «ፈተና ላይ ግን አልጽፈውም።»